ክፍሉ ሲንጫጫ ምን እያለ ነው? ለድሬዳዋ ጀማሪ መምህራን

ድሬዳዋ ተመድቤ በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣና «አቦ ቲቸር፣ አንተ ስትፈጥን አይገባንም እኮ» አለኝ። እኔ ያደግኩት ጎጃም ነው። እኛ ጋ መምህር «አንቱ» ነው። ታላቅ ወንድም ራሱ «አንቱ» የሚባልበት ቤት አለ። ደሜ ፈላ። «ውጣ!» አልኩት። ልጁ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ደብተሩን ይዞ ወጣ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ጸጥታው የቆየው እስከ ሐሙስ ነው። ከዚያ በኋላ እጁን የሚያወጣ ጠፋ፣ ጫጫታው ግን ባሰበት።

ድሬ ላይ «አንተ» ስድብ አይደለም። ልጅ አባቱን «አንተ» ይላል። የባጃጅ ሹፌሩ ሽማግሌውን «አንተ» ይላል። ማንም አይቀየምም። ያ ልጅ የነገረኝ ከዚያ ክፍል ማወቅ የነበረብኝን ትልቁን ነገር ነው፤ እኔ ግን በር አሳየሁት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። አዲስ መምህር በየመስከረሙ ሲመጣ፣ ያው የእኔ ስሕተት መልኩን ቀይሮ ሲደገም አያለሁ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

ስለ ትምህርት ጥራት ሲነሳ ሁላችንም የምንሮጠው ወደ 12ኛ ክፍል ውጤት ነው። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ 8.4 በመቶ ደረሰ። ስለ ኩረጃ ብዙ ተባለ። ስለ መጽሐፍ እጥረት ተባለ። ስለ መምህራን ብቃትም ተባለ። ከአንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ስንቱ ለትምህርት ይውላል ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አልሰማሁም።

አንድ ጊዜ የራሴን ክፍል በስልኬ ሰዓት ያዝኩበት። ተማሪው ገብቶ እስኪቀመጥ 4 ደቂቃ። ስም ጥሪ 6 ደቂቃ፤ 67 ተማሪ ነበሩኝ። «ዝም በሉ»፣ «አንተ ዙር»፣ «ማነው የሚያወራው?» እያልኩ ያጠፋሁት ተደምሮ 5 ደቂቃ። 15 ደቂቃ ሄደ ማለት ነው። በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ ስለነበረኝ 75 ደቂቃ ይሆናል። በየቀኑ ገብቼ እያስተማርኩ፣ ሁለት ቀን የቀረሁ ያህል ነው። ለሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠው መስፈርት በክፍል 40 ተማሪ ነው። መስፈርቱ ቢከበር ኖሮ ግማሹ ችግር ይቀል ነበር። ግን የክፍል ጥበቱ እስኪፈታ ድረስ 67ቱ ልጆች ነገም ይመጣሉ።

ቁጣው ሳይሆን ከቁጣው በፊት ያለው

ጃኮብ ኩኒን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነበር። መምህራን ሲያስተምሩ በቪዲዮ እየቀረጸ አጠና። ውጤቱን በ1970 እ.ኤ.አ. አሳተመ። መጀመሪያ የፈለገው ጎበዙ መምህር ረባሽን እንዴት እንደሚቆጣ ለማወቅ ነበር። በቁጣው በኩል ግን በጎበዙና በደካማው መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ልዩነቱ የነበረው ከረብሻው በፊት ነው። ጎበዞቹ ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ እንደሚያዩ ተማሪው ያውቃል። ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ ክፍተት አይተዉም። አንዱን ልጅ ሲረዱ ሌላውን አይረሱም።

ከእሱ በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ.፣ ቴክሳስ ውስጥ ሌሎች ተመራማሪዎች ከትምህርት መክፈቻው ቀን ጀምረው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ተከታተሉ። ዓመቱን ሙሉ ክፍላቸው የተረጋጋላቸው መምህራን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሠራርን እንደ አንድ ትምህርት ያስተማሩ ሆነው ተገኙ። እንዴት እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ሥራውን የጨረሰ ምን እንደሚያደርግ አሳዩ፤ አለማመዱ፤ ሲረሳ ደገሙት።

እኛ ምን እናደርጋለን? መስከረም ላይ አንድ ቀን ሕግ እናስጽፋለን። «ማርፈድ ክልክል ነው፣ ማውራት ክልክል ነው፣ ስልክ ክልክል ነው።» በማግሥቱ ወደ ምዕራፍ አንድ እንሮጣለን። ክልክል የሆነውን ነገርናቸው እንጂ፣ የሚደረገውን አላለማመድናቸውም።

ስም ጥሪን እንውሰድ። አሁን እኔ ስም አልጠራም። ሁሉም ቋሚ ቦታ አለው። የመቀመጫ ካርታ በካርቶን ሠርቼ ጠረጴዛዬ ላይ አደርጋለሁ። በየረድፉ አንድ ልጅ ባዶ ቦታ ቆጥሮ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ይሰጠኛል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ለማለማመድ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ በዚያ ሳምንት ከባልደረቦቼ ወደ ኋላ ቀርቻለሁ። ኅዳር ላይ ደርሼባቸዋለሁ።

ሞኒተሩን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። የሚያወሩ ልጆችን ስም እየጻፈ እንዲሰጣችሁ አታድርጉ። ሁላችንም ያደግንበት ነው፤ ሞኒተሩ ጓደኛውን እንደሚዘልልና የተጣላውን እንደሚጽፍ ሁላችንም እናውቃለን። ልጁን ከጓደኞቹ ታጣላላችሁ፣ ክፍሉም ዳኛው የተገዛ እንደሆነ ያውቃል።

ሌላው ኖት ማስጻፍ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ መጽሐፍ በየተማሪው እጅ በበቂ አልደረሰም። ስለዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙ እንጽፋለን፣ ስንጽፍም ጀርባችንን እንሰጣለን። ረብሻው የሚወለደው እዚያች ላይ ነው። ፊትን ወደ ክፍሉ አድርጎ በጎን ቆሞ መጻፍ ይለመዳል፤ እጅ ይደክማል ግን ይለመዳል። ከዚያ የሚሻለው ደግሞ ሦስት መስመር ጽፎ መዞር፣ በዴስኮቹ መሐል አንድ ዙር መሄድ፣ ተመልሶ ሦስት መስመር መጻፍ ነው። መሄጃ ከሌለ ዴስኮቹን አስጠጉ። መምህር የማይደርስበት ጥግ ያለው ክፍል ሁልጊዜ እዚያ ጥግ ላይ ሌላ መምህር አለው።

ወሬ የመሰለኝ

ድሬዳዋ ውስጥ አንደኛ ደረጃ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሰጣል። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ልጆቹ ይቀላቀላሉ፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ይሆናል። እንግሊዝኛው አልገባ ሲላቸው መምህሩ ብዙ ጊዜ ወደ አማርኛ ይዞራል። እስቲ ስምንት ዓመት ሒሳብን በሶማሊኛ ወይም በኦሮምኛ የተማረችን ልጅ አስቡ። እንግሊዝኛው አንድ ግድግዳ ነው። ማብራሪያው ራሱ ሁለተኛ ግድግዳ ሆነባት።

በሁለተኛ ዓመቴ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ ሁለት ልጆች ነበሩ። ወደ ሰሌዳ በዞርኩ ቁጥር ይንሾካሾካሉ። ሦስት ጊዜ አስጠነቀቅኳቸው። በአራተኛው ለየኋቸው፤ አንዷን ፊት፣ ሌላዋን በሩ አጠገብ። ወሬው ቆመ። በሩ አጠገብ ያለችው ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምጿ አልተሰማም። «ጨዋ ሆነች» ብዬ ደስ አለኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብተር ሰብስቤ ሳርም የእሷ ደረሰኝ። ከሰሌዳ የተገለበጠው ሁሉ አለ፤ ርዕሱ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። የተሠራ ጥያቄ ግን የለም። ገጹን ወደ ኋላ ገለጥኩ። የመጨረሻው የተሠራ ጥያቄ ቀኑ የተለያዩበት ቀን ዋዜማ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ገጾች ደግሞ ሌላ ናቸው። በየእንግሊዝኛው ቃል አናት ላይ፣ በእርሳስ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ሶማሊኛው ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ የጓደኛዋ ነበር።

ወሬ አልነበረም። ልጅቷ አስተርጓሚ ነበራት፤ እኔ ነጠቅኳት።

በማግሥቱ ሁለቱንም ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ወደ ቦታቸው መለስኳቸው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሐሳብ ባስተማርኩ ቁጥር ሦስት ደቂቃ እሰጣለሁ። «ለጎናችሁ ላለው አስረዱ፣ በፈለጋችሁት ቋንቋ» እላለሁ። ክፍሉ ይንጫጫል፤ መንጫጫቱ ግን ሥራ ነው። እጄን ከፍ ሳደርግ ይቆማል። ይህንንም ቢሆን በአንድ ቀን አላገኘሁትም፤ አሥር ጊዜ ያህል አለማምጃቸዋለሁ። የማውሪያ ጊዜ እንዳለው የሚያውቅ ልጅ እኔ ስናገር ይጠብቃል። የማውሪያ ጊዜ የሌለው ልጅ ግን ይሰርቃል።

አንድ ለአምስት የሚባለውን የተማሪዎች የቡድን አደረጃጀት ብዙ መምህር አይወደውም፤ ምክንያቱም ይገባኛል። ሪፖርት ሆኖ ቀረ። ነገር ግን አቀማመጥን በቋንቋ አስቦ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። እንግሊዝኛው የሚቀለው ልጅ ቋንቋውን ከሚጋራው ጋር ቢቀመጥ ሁለቱም ይጠቀማሉ። የሚያስረዳው ልጅ ራሱ ሲያስረዳ ነው የሚገባው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው ምን ያህል እንደሚጠብቁ ለካች። በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ነው። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ መልሱ ረዘመ፤ ዝምተኞቹም መመለስ ጀመሩ። ያ በአንድ ቋንቋ ለሚያስብ ልጅ ነው። የእኛ ልጅ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ሰምቶ፣ በልቡ ተርጉሞ፣ መልሱን አግኝቶ፣ እንደገና ወደ እንግሊዝኛ መመለስ አለበት። እኔ በልቤ እስከ ሰባት እቆጥራለሁ። ዝምታው ይከብዳል። ጀማሪ ሳለሁ ያ ዝምታ ያላወቅኩ ያስመስለኝ ስለነበር ራሴ ጠይቄ ራሴ እመልስ ነበር። ክፍሉም አሳምሮ አወቀው፤ ዝም ካሉኝ መልሱን እንደምሰጣቸው።

ሙቀቱን አትዋጉት

ሐረር የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ። በመኪና አንድ ሰዓት ብትሄዱ፣ ተራራውን ብትወጡ ነው። እሱ ጋ ጠዋት ተማሪው ጃኬት ለብሶ ይገባል። እኛ ጋ የከሰዓት ፈረቃ ሲገባ ቆርቆሮው እሳት ነው። ከተማው ሁሉ ጥላ ፍለጋ በገባበት ሰዓት እኛ ስልሳ ምናምን ልጅ አንድ ክፍል አጭቀን ስለ ኬሚካል ቦንድ እናወራለን።

ሙቀት ስንፍና እንዳልሆነ ማወቅ ይጠቅማል። አሜሪካ ውስጥ በ10 ሚሊዮን ተማሪዎች ውጤት ላይ ተሠርቶ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ከፈተናው በፊት የነበረው ዓመት ሞቃት ከሆነ ውጤት ዝቅ ይላል፤ ጉዳቱ የሚበዛው ማቀዝቀዣ በሌለበት ትምህርት ቤት ነው። የእኛ ማቀዝቀዣ መስኮት ነው። ስለዚህ ውሃ በሃይላንድ ይዘው ይግቡ፤ ሳያስፈቅዱም ይጠጡ። «ቲቸር ውሃ ልጠጣ» በሚል ፈቃድ ስንት ጊዜ ትምህርት እንደሚቋረጥ ቁጠሩት። ሽንት ቤት ለመሄድ ደግሞ በሩ ላይ አንዲት እንጨት በገመድ ትንጠልጠል። እንጨቷን የያዘ ይወጣል፤ እሷ ከሌለች ሰው ውጭ አለ ማለት ነው። ጥያቄም መልስም የለም።

ከባዱን ነገር በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ጨርሱ። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ተማሪው እጁን የሚያሠራበት ነገር ስጡት። ደረቅ ማብራሪያ ከሆነ ልጁ ባይረብሽም ይተኛል።

የሚተኛውንም ሁሉ በአንድ ዓይን አትዩት። ኋላ ወንበር ሁልጊዜ የሚያንቀላፋ ልጅ ነበረኝ። ተሳድቤበታለሁ፣ አቁሜው አስተምሬያለሁ። በኋላ አንድ ማታ ከሳቢያን ወደ ከዚራ ባጃጅ ስይዝ ሹፌሩ እሱ ሆነ። ሒሳብ አልቀበልም አለኝ። እስከ እኩለ ሌሊት ነው የሚሠራው፤ ለእናቱ ቤት ኪራይ። እንቅልፉን ላስቀርለት አልችልም ነበር። ግን ከኋላ አንስቼ አየር ወደሚገባበት መስኮት አመጣሁት፤ የቤት ሥራውን እዚያው በክፍል ሰዓት እንዲጀምር አደረግኩ። በቀላሉ አልፏል ብዬ አልዋሽም። ግን አላቋረጠም።

ስለ ጎማና ስለ «ወላጅ አምጣ»

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጆች በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይላል። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ማለት ነው። ጎማውና ኩርኩሙ ግን ዛሬም አልጠፋም። ማንበርከክም አለ። ሕጉ ለብቻው በቂ ምክንያት ነው። እኔ ያየሁትን ልጨምር፦ ጎማ የያዘ መምህር ሲወጣ ክፍሉ ይፈነዳል፤ ቀጥሎ የሚገባው ደግሞ ያልያዘው ነው። ጀማሪዋ መምህርት የምትቀበለው የእሱን ዕዳ ነው።

«ውጣ» ማለትም የሚረባ አይደለም። የሰለቸው ልጅ ውጭ ጥላ አለለት። ለዩኒት ሊደሩ መላክ ደግሞ «እኔ አልቻልኩህም» ብሎ በአደባባይ መፈረም ነው፤ ለእውነተኛ ጉዳይ ይቀመጥ። ወላጅ አምጣ ሲባል ከሰፈር አንዱን «አጎቴ ነው» ብሎ ይዞ የሚመጣ ልጅ አለ። ስልክ ቁጥር ከመስከረም ያዙ፤ የመጀመሪያው ስልካችሁም ልጁ ደህና የሠራ ቀን ይሁን። እናት ከትምህርት ቤት ስልክ ሲደወል ደንግጣ ታነሳለች። «ዛሬ ጥሩ ሠርቷል ልልሽ ነው» ስትሏት በሚቀጥለው ጊዜ ከእናንተ ጋር ትቆማለች።

በነጥብ ማስፈራራትን ሙሉ በሙሉ ተዉት። «አምስት ቀንሼብሃለሁ» ያላችሁት ልጅ ተከታታይ ምዘናው የሒሳብ ዕውቀቱን ሳይሆን የእናንተን ቁጣ መለኪያ እንደሆነ ያምናል። ልክም ነው።

የሚሠራው ነገር ትንሽና ጸጥ ያለ ነው። ወደ ልጁ ዴስክ መጠጋት፣ ማስተማሩን ሳያቋርጡ። ጣት ደብተሩ ላይ ማሳረፍ። ካልሆነ ከደወል በኋላ ብቻውን ማናገር። በጓደኞቹ ፊት የተዋረደ የ15 ዓመት ልጅ መሸነፍ አይችልም፤ ብቻውን ግን ይሰማል።

ብቻችሁን አትሁኑ

በወረቀት ላይ ጀማሪ መምህር ሁለት ዓመት አማካሪ መምህር አለው። ተሙማ የምንለው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ አካል ነው። ብዙ ቦታ ሥራው ፋይል ማሟላት ሆኗል። ዕቅድ ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ይታያል። በዚህ ላይ ጀማሪው የሚደርሰው ነባሮቹ የሸሹት ክፍል ነው። ፒጂዲቲ የሚባለውን የመምህርነት ሥልጠና ወስዶ የመጣው ልጅ ክላስ ማኔጅመንትን ተምሯል፤ ግን 67 ልጅ ፊት ቆሞ አይደለም። ርዕሳነ መምህራን አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ፦ ለአማካሪው በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ማቅለል፣ በፋይል ፈንታም ክፍል ውስጥ መቀመጡን መጠየቅ።

እኔን ያዳነኝ ማንም ሳይመድበው የመጣ አንድ አዛውንት የታሪክ መምህር ነው። መምህራን ማረፊያ ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ሲያየኝ «ነገ ኋላ ወንበር ልቀመጥ?» አለኝ። መጣ፣ ተቀመጠ፣ ምንም አልተናገረም። ሲወጣ ከደብተር የተቀደደ ግማሽ ወረቀት ሰጠኝ። አሁንም አለኝ። እንዲህ ይላል፦

«ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ አራት ደቂቃ ጀርባህን ሰጠህ። በበሩ በኩል ካሉት ማንንም አልጠየቅክም። ዝም በሉ 19 ጊዜ አልክ፣ አንዴም ዝም እስኪሉ አልጠበቅክም። የመጨረሻው ምሳሌህ በጣም ጥሩ ነው፣ መጀመሪያ አድርገው። ሐሙስ ደግሞ እመጣለሁ።»